ለሃስኪስ የ2025 ሲዝን እንዴት እንደተዘጋጀሁ፣ ምን እንደሚያሰጋኝም

የኛ ሃስኪስ፣ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን፣ ኦገስት 30 ቅዳሜ ከኮሎራዶ ስቴት ጋር የ2025ን ሲዝን ይጀምራል። በኛ ነሐሴ 24 ነው፣ የተክለሃይማኖት ዕለት። ሲያትል ያለን ሐበሾች አብዛኞቻችን ስለ አርሰናልና ስለ ማንቼ እየተከራከርን ነው ቡና የምንጠጣው። ስለዚህ ይህን ቡድን ሳነሳ "ያ በእጅ የሚጫወቱትን ነው?" ብሎ ፊቱን የሚያዞር አይጠፋም። እኔ ግን እወደዋለሁ። ልጄ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ኦቴሎ ጣቢያ ባቡር ከተሳፈርኩ ደግሞ ሳልቀይር ስታዲየሙ አጠገብ ነው የምወርደው። ሜዳው ሐይቁ ዳር ነው፣ ጨዋታ ሊያይ በጀልባ የሚመጣ ሰው ያለበት ቦታ ብዙ አይገኝም።

ዘንድሮ ተስፋው ብዙ ነው፣ ስጋቱም እንደዚያው። ስሜት ብቻ ይዤ መግባት ስላልፈለግሁ ክረምቱን ቁጭ ብዬ ሠርቼበታለሁ። እንዴት እንደሠራሁና ምን እንደተማርኩ ልጻፍላችሁ። ሌላ ቡድን የምትደግፉም፣ ኮሌጅ ፉትቦልን ገና ለመጀመር የምታስቡም ትጠቀሙበት ይሆናል።

የጀመርኩት ስም በመጻፍ ነው። ደብተር ገዛሁና በግራ ገጽ የሄዱትን፣ በቀኝ ገጽ የመጡትን መመዝገብ ያዝኩ። ተራ ነገር ይመስላል፣ ግን በኮሌጅ ፉትቦል ግማሹ ሥራ ይሄ ነው። ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ናቸው፤ ይመረቃሉ፣ ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ኤንኤፍኤል ይሄዳሉ፣ አሁን ደግሞ የዝውውር ፖርታል በሚባለው መመዝገቢያ እየገቡ በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲ መቀየር ይችላሉ። 2023ን አስታውሱ። 14 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፍን። ኳስ ወርዋሪያችን (ኳርተርባክ የሚባለው) ማይክል ፔኒክስ በግራ እጁ ሲወረውር ስታዲየሙ በሙሉ ከመቀመጫው ይነሳ ነበር። ኦሪገንን በአንድ ሲዝን ሁለቴ፣ በሜዳችን 36 ለ 33፣ በኮንፈረንሱ (በሊጋችን) ፍጻሜ 34 ለ 31። ቴክሳስን በግማሽ ፍጻሜው፣ በሹገር ቦውል፣ 37 ለ 31። ከዚያ ሂውስተን ላይ ለአገሪቱ ዋንጫ ተጫውተን በሚሺጋን 34 ለ 13 ተሸነፍን። በዚያው ሳምንት አሰልጣኙ ኬለን ዲቦር ወደ አላባማ ሄደ። ፔኒክስና ኳስ ተቀባዩ ሮም ኦዱንዜ በድራፍቱ፣ በኤንኤፍኤል የተጫዋቾች ምርጫ፣ 8ኛና 9ኛ ሆነው ተወሰዱ። የቆየንበት ኮንፈረንስ፣ ፓክ-12፣ ተበተነና እኛም ቢግ ቴን የሚባለው ሌላ ኮንፈረንስ ገባን። ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው የሆነው፤ ማሊያው ያው፣ ሜዳው ያው፣ የሚጫወቱት ሰዎች ግን ሌሎች። ስለዚህ በ2024 ቡድኑ 6 አሸንፎ 7 ሲሸነፍ የሄዱትን ለቆጠረ ሰው ብዙ አያስገርምም። ማመም ግን ያማል።

ቀጥሎ ያንን 6 ድልና 7 ሽንፈት ሰባብሬ አየሁት። እዚህ ላይ ነው ዓይኔ የተከፈተው። በሃስኪ ስታዲየም 6 ተጫወትን፣ ስድስቱንም አሸነፍን። ከነዚህ ውስጥ ዋንጫውን የነጠቀን ሚሺጋን አለበት፣ 27 ለ 17። ወደ ተጋጣሚ ሜዳ 5 ጊዜ ሄድን፣ አምስቱንም ተሸነፍን፦ ረትገርስ፣ አይዋ፣ ኢንዲያና፣ ፔን ስቴት፣ ኦሪገን። የቀሩት ሁለት ሽንፈቶች በገለልተኛ ሜዳ ነበሩ። ያው አሰልጣኝ፣ ያው ተጫዋች፣ ሁለት የተለያየ ቡድን። ድሮ በፓክ-12 የሩቁ ጉዟችን አሪዞና ነበር። አሁን ከሲያትል ተነስተን ኒው ጀርሲ ድረስ እንበራለን፣ የ3 ሰዓት የሰዓት ልዩነት አለ፣ እነዚህ ልጆች ደግሞ ሰኞ ክፍል መግባት አለባቸው። ደጋፊው ስለ ጉዞ ሲነሳ "ሰበብ" ይላል። እኔ ሰበብ ነው ብዬ አላምንም፤ በአውሮፕላን ማደር ሰውነት ላይ ምን እንደሚያደርግ ከአዲስ አበባ እስከዚህ የበረረ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል።

ሦስተኛውን ነገር ያሳየችኝ ልጄ ናት። የአምናውን የኦሪገን ጨዋታ ሳሎን ተቀምጠን እንደገና እያየን "አባዬ፣ ኳሷን አትከተላት፤ ፊት ያሉትን አምስት ግዙፎች እያቸው" አለችኝ። አየኋቸው። ያን ቀን 49 ለ 21 ነው የተሸነፍነው፣ ኳርተርባካችን ደግሞ ኳሷን እንደያዘ 10 ጊዜ መሬት ላይ ተጥሏል። አስር! የፊት መስመሩ ካልያዘለት የፈለገ ጎበዝ ኳርተርባክ ቢሆን ቀና ብሎ የሚያይበት ጊዜ የለውም። ከዚያ ወዲህ ድግግሞሽ ሳይ ኳሷ ወደ ኳርተርባኩ ከተለቀቀች ጀምሮ በልቤ እቆጥራለሁ። ሦስት ድረስ ከደረስኩና ልጁ አሁንም ቆሞ ከሆነ፣ ጥሩ ነው። ፉትቦል ለመልመድ ለምትፈልጉ ከሕጉ መጽሐፍ ይልቅ ይህን ብትይዙ ይሻላል እላለሁ።

አሁን ወደ ተስፋዬ። ተስፋዬ ስም አለው፣ ኳርተርባካችን ዲመንድ ዊሊያምስ። አምና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበር፣ ቁመቱ ለቦታው አጭር ነው፣ እግሩ ግን እሳት ነው። በዓመቱ መጨረሻ ሰን ቦውል በሚባለው ጨዋታ ከሉዊቪል ጋር 374 ያርድ ወርውሮ 4 ታችዳውን (ኳሷን መጨረሻው መስመር አሳልፎ 6 ነጥብ ማግኘት) ሰጠ። ጨዋታው ሊያልቅ 9 ሰከንድ ሲቀረው 35 ለ 34 አደረሰን። አሰልጣኙ ጄድ ፊሽ ከታችዳውን በኋላ በሚሰጠው ሙከራ፣ በአንድ ነጥብ አቻ ከመሆን ይልቅ ለማሸነፍ ከባዱን ሁለት ነጥብ ሞከረ፣ አልተሳካም፣ ተሸነፍን። ብዙ ሰው ለዚህ ውሳኔ ፊሽን ወቅሷል፣ እኔ ግን ደግሜም ብጠየቅ ትክክል ነው እላለሁ። ልጁን አምኖ ጨዋታውን በእጁ ሰጠው። የዘንድሮው ቡድን እዚያ ቅጽበት ላይ የተመሠረተ ይመስለኛል።

ከሱ ጎን ጆናህ ኮልማን አለ፣ አምና ኳስ ይዞ ከ1,000 ያርድ በላይ የሮጠው፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊጥለው የማይችል። ኳስ ተቀባዩ ዴንዘል ቦስተንም ተመልሷል፣ ረጅም ነው፣ ከአናት በላይ የመጣች ኳስ ለሱ ናት። የፊት መስመሩ ላይ ደግሞ ከካንሳስ ስቴት ካርቨር ዊሊስ መጥቷል። የደብተሬ ቀኝ ገጽ ከግራው ሲበልጥ ሳይ ደስ አለኝ፣ አልደብቃችሁም።

ስጋቱስ? መከላከሉ ነው መጀመሪያ። የመከላከሉ አሰልጣኝ ስቲቭ ቤሊቺክ አባቱን፣ አሰልጣኝ ቢልን፣ ተከትሎ ወደ ኖርዝ ካሮላይና ሄደና ራያን ዋልተርስ መጣ። መሐል ላይ የሚመሩት ልምድ ያላቸው ላይንባከሮች (ከተከላካይ መስመሩ ኋላ የሚቆሙት) ተመርቀዋል። አዲስ አስተማሪ፣ አዲስ ተማሪ። ይህ እስኪዋሃድ ጊዜ ይፈልጋል፣ የጨዋታው ፕሮግራም ደግሞ ጊዜ አይሰጥም።

ፕሮግራሙን ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሴፕቴምበር 20 ፑልማን ሄደን ከዋሽንግተን ስቴት ጋር አፕል ካፕ አለ። አፕል ካፕ ማለት ለዚህ ስቴት የቡናና የጊዮርጊስ ደርቢ ነው፣ የቤተሰብ እራት የሚያበላሽ ጨዋታ። አምና እዚሁ ሲያትል፣ ሉመን ፊልድ ላይ 24 ለ 19 ነው የተሸነፍነው፣ ያውም በጨዋታው መጨረሻ ከ1 ያርድ ላይ ማስገባት አቅቶን። በሳምንቱ፣ ሴፕቴምበር 27፣ ያለፈው ዓመት የአገሪቱ ሻምፒዮን ኦሃዮ ስቴት ወደ ሜዳችን ይመጣል። መስከረም 17 ነው፣ መስቀል! ደመራው ዓርብ ማታ ስለሆነ ቅዳሜን ለስታዲየሙ ማድረግ ይቻላል፤ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተራ ተቀያይሬ ጨርሻለሁ።

እኔን ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ኦሃዮ ስቴት አይደለም። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው። ኦክቶበር 4 ሜሪላንድ፣ በስድስተኛው ቀን ዓርብ ማታ በሜዳችን ረትገርስ፣ በሳምንቱ ደግሞ ሚሺጋን ሄዶ መጫወት። ከትልቅ ጨዋታ ማግስት አገሩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ፣ ተመልሶ፣ አጭር ሳምንት አርፎ፣ እንደገና መብረር። የአምናው ድክመታችን ጉዞ ከሆነ፣ ሲዝኑ የሚወሰነው እዚህ ነው። ሜሪላንድ ላይ ግን አንድ ነገር አለን፤ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው በሐበሻ የተሞላ ነው፣ ጨዋታው የሚደረግበት ኮሌጅ ፓርክ ደግሞ ቅርብ ነው። እዚያ ያላችሁ ጓደኞቼ ሐምራዊ፣ የቡድናችንን ቀለም፣ ለብሳችሁ ሄዳችሁ ብትጮኹልን ውለታችሁን አንረሳም።

የገንዘቡ ነገርም አለ። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ይችላሉ፣ በመጀመሪያው ዓመት እያንዳንዳቸው እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር። ልጆቹ መከፈላቸው ተገቢ ነው። ለዓመታት ሌላው ሁሉ በነሱ ላብ ሲበላ እነሱ ብቻ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። የሚያሰጋኝ እኛ ቢግ ቴን የገባነው ከኮንፈረንሱ ገቢ በግማሽ ድርሻ መሆኑ ነው፣ ኦሃዮ ስቴትና ሚሺጋን ግን ሙሉውን ይወስዳሉ። ዊሊያምስ ዘንድሮ እንደማስበው ካበራ፣ ጃንዋሪ ላይ ትልቅ ቼክ ይዞ የሚመጣለት ሌላ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ነው። የአንድ ልጅን ጥሩ ሲዝን እየተመኙ ያው ጥሩነቱ እንዳይወስደው መፍራት ከባድ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ ደምሬ ቀንሼ 8 ድል ጻፍኩ። በሜዳችን ከኦሃዮ ስቴትና ከኦሪገን በቀር ሁሉንም እናሸንፋለን ብያለሁ። ከሜዳ ውጪ አፕል ካፕ፣ ሜሪላንድና ዩሲኤልኤ የኛ ናቸው፣ ሚሺጋን አይመስለኝም፣ ኖቬምበር 8 ዊስኮንሲን ላይ ደግሞ ብርዱን እፈራለሁ። ልጄ ፊደል እንደማያውቅ ሰው አየችኝና "አባዬ፣ 10 ነው" አለችኝ። እሷ ኦሪገንንም እናሸንፋለን ባይ ናት፤ ኖቬምበር 29 በሜዳችን ስለሆነ፣ ያ ስታዲየም ሲጮህ የሚሆነውን ስላየች። ጣሪያው ድምፁን መልሶ ወደ ሜዳው ይጥለዋል፣ ተጋጣሚው የራሱን ኳርተርባክ መስማት ያቅተዋል። እውነቷን ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ።

ለመጀመሪያው ጨዋታ መምጣት የምትፈልጉ፣ ከፓርኪንግ ጋር አትታገሉ፣ በባቡር ኑ። ቀደም ብላችሁ ግቡና ቡድኑ ሲያሟሙቅ የፊት መስመሩን ተመልከቱ። እኔ በሰሜኑ በኩል ነኝ፣ ሐምራዊ ኮፍያና የኛን ባንዲራ ስካርፍ ያደረገ ሰው ካያችሁ ሰላም በሉኝ።