ከውጭ ወለላ፣ ከውስጥ ባዶ

ሲምቢዲየም የሚባለው ኦርኪድ እምቡጡ ሊፈነዳ ሲቃረብ ጠብታ ያወጣል። ጠብታው የጠራ ነው፤ ሲነኩት ያጣብቃል፣ ሲቀምሱት ይጣፍጣል። የሚወጣው ግን ከአበባው ውስጥ አይደለም። ከውጭ ነው፤ እምቡጡን ከዘንጉ ጋር ከሚያገናኘው ቀጭን አንገት ላይ፣ አንዳንዴም ከእምቡጡ ጀርባ። ይህን የማያውቅ ሰው ጠብታውን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ተባይ ነው። እኛም ጋ የሆነው ይኸው ነው።

የምሠራው ኔዘርላንድስ ውስጥ፣ ሲምቢዲየም እያመረተ ዘንጉን ቆርጦ በሚሸጥ ግሪንሃውስ ነው። አገር ቤት ዝዋይ ጽጌረዳ እርሻ ላይ ስካውት ነበርኩ። በየመደዳው እየዞርኩ ተባይና በሽታ መፈለግ ነበር ሥራዬ። ጠብታው እዚህ ግሪንሃውሱ ውስጥ ሲታይ የፍቅረኞች ቀን ትእዛዝ ደርሶ ሁሉም ይሯሯጣል። አዲስ የመጣው ሱፐርቫይዘር አንዱን ክፍል ሲዞር ዘንጎቹ እጁ ላይ ተጣበቁበት። ወዲያው ሁለት ነገር አዘዘ። ክፍሉ ማታ ኬሚካል ይረጭ። ተቆርጦ ፓክሃውስ፣ ማለትም ማሸጊያው ቤት፣ የገባው ደግሞ አንድ በአንድ በጨርቅ ይጠረግ፤ ምንም የሚያጣብቅ ነገር እንዳይቀር።

እኔ ጠብታውን ሳየው ልቤ አልተቀበለውም። ተባይ የሚተወው ጣፋጭ ፈሳሽ ጠባዩ ሌላ ነው። ክሽክሽ፣ ሚሊባግና ስኬል የሚባሉት ትናንሽ ነፍሳት የተክሉን ፈሳሽ ይመጥጡና ትርፍ ስኳሩን ከኋላቸው ያስወጣሉ። እሱ ወደ ታች ይረግፋል። ከሥር ያለውን ቅጠል ያብለጨልጨዋል፣ ትንሽ ሲቆይ ጥቁር ሻጋታ ያበቅልበታል። የኛ ቅጠሎች ግን ንጹሕ ናቸው። ጠብታው ያለው እምቡጦቹ አንገት ላይ ብቻ ነው፤ ያውም በሁሉም ላይ አንድ ቦታ። በእጅ ማጉያ መነጽር የቅጠሉን ጀርባና ብብቱን እያገላበጥኩ ፈለግሁ። አንድም ነፍሳት የለም። የጣሉት ቆዳ እንኳ የለም።

አንድ ሌሊት ብቻ ይሰጠኝ ብዬ ለመንኩ። የተወሰኑ ዘንጎች ላይ ጠብታውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ ቀይ ቴፕ አሰርኩባቸው። ጠዋት ስንመጣ ጠብታው እዚያው ቦታ ተመልሷል። ሰውዬው መነጽሩን ተቀብሎኝ ራሱ አጎንብሶ ቆየ። ከዚያ ርጭቱን ሰረዘው። ለዚህ ከልቤ አመሰግነዋለሁ። ያዘዘውን ነገር በሠራተኛ ፊት የሚሽር አለቃ ብዙ አላጋጠመኝም።

ጠብታው የተክሉ የራሱ ምርት ነው። ኔክታር ነው፤ ንብ አበባ ላይ የምትቀስመው ያው ስኳር ያለበት ፈሳሽ። ልዩነቱ ምንጩ ከአበባው ውጭ መሆኑ ብቻ ነው። ጫካ ውስጥ ቢሆን ይህ ጠብታ ጉንዳን ይጠራ ነበር። ጉንዳኑ ጣፋጩን ሊልስ ይመጣል፣ በዚያው እምቡጡን ሊበላ የመጣውን ትል ያባርራል። የዘበኛ ደሞዝ ነው ማለት ይቻላል። ግሪንሃውስ ውስጥ ዘበኛው የለም፤ ደሞዙ ግን ይከፈላል። ስለዚህ ይከማቻል። ሲደርቅ ነጭ ስኳር ይሆናል፣ እርጥበት ሲበዛበት ይሻግታል። ለብ ባለ ውሃ ማጠብና አየሩን ማንቀሳቀስ ይበቃዋል። መድኃኒት አያስፈልገውም።

ርጭቱ ቢቀርም ጥረጋውን ያስታወሰ ሰው አልነበረም። ከቀናት በኋላ ከገዢው ፎቶ መጣ። የአበቦቹ ከንፈር ቀልቷል፣ አንዳንዶቹም መጠውለግ ጀምረዋል። ሲምቢዲየም ተቆርጦ ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ሳምንታት የሚቆይ አበባ ነው። አንዱ "ብርድ መትቶት ነው" አለ፣ ሌላው "ፈንገስ ነው" አለ። እኔ ወደ ፓክሃውስ ሄድኩ። ጥረጋው ላይ የተመደበችው አንዲት ያገራችን ልጅ ነበረች።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ በጣም ተጠንቅቄ ነው የጠረግሁት" አለችኝ ገና ሳልጠይቃት። "ውስጡን ሳይቀር።"

"ውስጡን እንዴት አድርገሽ?"

አሳየችኝ። የጨርቁን ጫፍ ጠቅልላ አበባው መሀል ከተተችውና በቀስታ አዞረችው። ስታወጣው ጨርቁ ላይ ክሬም መልክ ያላት፣ ጥቂት ሚሊሜትር የምትሆን ነገር ተጣብቃለች። ጎንበስ ብዬ ጠረጴዛው ሥር ሳይ ወለሉ ላይ እንደሷ ያሉ ብዙ ወድቀዋል።

"አንቺ ጥፋት የለብሽም" አልኳት። "ያዘዘሽ ሰው ነበር የትኛው እንደማይነካ ሊነግርሽ የሚገባው።" ከዚያ አንድ አበባ አንስቼ በምላጭ ከላይ ወደ ታች ለሁለት ከፈልኩላት።

ኦርኪድ ሦስት የውጭና ሦስት የውስጥ ቅጠል አለው። ከውስጦቹ አንዱ መልኩን ለውጦ ከንፈር ሆኗል። ንብ የምታርፈው እሱ ላይ ነው። እምቡጥ ሳለ ይህ ከንፈር ከላይ ነበር። አበባው ሊፈነዳ ሲል አንገቱ ግማሽ ዙር ይጠመዘዝና ከንፈሩ ወደ ታች ይመጣል። ከከንፈሩ በላይ ጎበጥ ያለ አምድ አለ። ሌላ አበባ ላይ ለየብቻ የምናያቸው ወንዴውና ሴቴው ክፍል እዚህ አንድ አካል ሆነዋል። አምዱ ጫፍ ላይ ቆብ አለ፤ ጨርቁ ላይ የቀረችው እሷ ናት። ከቆቡ ሥር የአበባው ዱቄት አለ። ዱቄት ይባል እንጂ አይበንንም፤ ተጠቅጥቆ ቢጫ እንክብል ሆኗል፣ ሙጫም አለው። ከዚያ ትንሽ ወደ ውስጥ ዘለቅ ሲሉ የሚያጣብቅ እርጥብ ጉድጓድ አለ። ሴቴዋ እሷ ናት። ንብ ከንፈሩ ላይ አርፋ ወደ ውስጥ ትገባለች። ስትወጣ ጀርባዋ ቆቡን ይገፋዋል፣ እንክብሉም እላይዋ ላይ ይለጠፋል።

ጨርቁ የሠራው ይህንኑ የንብ ሥራ ነው። ቆቡና እንክብሉ ሲነሱ የሲምቢዲየም አበባ ኤቲሊን የሚባለውን ጋዝ በብዛት ማመንጨት ይጀምራል። ሙዝ የሚያበስለው ያው ጋዝ ነው። መጀመሪያ ከንፈሩ ይቀላል፣ ቀጥሎ አበባው ይጠወልጋል። አበባው ዱቄቱን ከላከ በኋላ ተውቦ የሚቆይበት ምክንያት የለውም። ለሻጭ ግን ኪሳራ ነው። ሳጥን ውስጥ ሲታሸግ ደግሞ ጋዙ ላልተነካው ጎረቤትም ይተርፋል። የሲምቢዲየም አምራቾች ንብ እንዳይገባባቸው መስኮታቸውን በመረብ የሚሸፍኑት ለዚህ ነው። እዚህ አገር ቲማቲም አምራቾች ባምብልቢ የሚባለውን ትልቁን ፀጉራም ንብ ገዝተው ግሪንሃውሳቸው ውስጥ ይለቃሉ። ለነሱ በረከት የሆነው ንብ ለኛ ጠላት ነው።

ልጅቷ የተከፈለውን አበባ እያገላበጠች፣ "ታዲያ ማሩ የታለ?" አለች።

ጥያቄዋ ትክክል ነበር፤ ማሩ የለም። ሲምቢዲየም ውስጡ ለንብ የሚሰጠው ኔክታር የለውም። ከዛሬዎቹ የገበያ ዝርያዎች ወላጆች አንዱ የሆነው ሲምቢዲየም ኢንሲኜ ታይላንድ ውስጥ ተጠንቷል። እዚያው አካባቢ ኔክታር ያለው ሮዶዴንድሮን የሚባል ሌላ ተክል ያብባል። ባምብልቢዋ ከሱ ስትቀስም ቆይታ ተሳስታ ኦርኪዱ ውስጥ ትገባለች። ባዶ እጇን ትወጣለች፣ እንክብሉን ግን ይዛ ነው። ወደ 28,000 ከሚጠጉት የኦርኪድ ዝርያዎች ሲሶ ያህሉ እንዲህ ንብን ወይም ሌላ ነፍሳትን ምንም ሳይከፍሉ የሚያሠሩ ናቸው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሽፕሬንግል ይህን እ.ኤ.አ. በ1793 ጽፎታል። ዳርዊን እንኳ ለማመን ተቸግሮ ነበር። ይህን ያህል ብልህ ነፍሳት በየትውልዱ እንዴት ይታለላል ብሎ።

ማታለሉ ጥቅሙ ስኳር መቆጠብ ብቻ አይደለም። ኔክታር ያገኘች ንብ እዚያው ተክል ላይ ከአበባ አበባ ትዘዋወራለች፤ ዱቄቱ በራሱ በተክሉ ላይ ይቀራል። ምንም ያላገኘች ግን ትታ ርቃ ትሄዳለች፣ ዱቄቱም ሌላ ተክል ጋ ይደርሳል። እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይኼ ነው። አንድ ተክል ለጉንዳን በር ላይ እየከፈለ፣ እንግዳ ሆና የገባችውን ንብ ባዶዋን ይሸኛል።

"የኛ አገሩም እንዲህ ነው?" አለች። ቦንጋ አካባቢ ነው ያደገችው። ቡና ጥላ ሥር ሲሄዱ ዛፍ ላይ የሚያዩት፣ ማታ ማታ የሚሸት፣ ረጅም ጅራት ያለው ነጭ አበባ ትዝ አላት። ኤራንጊስ የሚባለው ኦርኪድ ሳይሆን አይቀርም አልኳት፤ ደቡብ ምዕራብ ጫካዎቻችን ውስጥ ኤራንጊስ ብራኪካርፓ የሚባለው ይገኛል። እሱ ከፋይ ነው። ጅራት ያለችው ቀጭን ቱቦ ነው፣ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ኔክታሩ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ኬንያ ውስጥ የዚህን ወገን አበቦች ያጠኑ ተመራማሪዎች ስኳሩ ከቱቦው አፍ ይልቅ ጫፉ ላይ እንደሚወፍር አግኝተዋል። ስለዚህ ማታ የምትመጣው የእሳት እራት የምትባለው ነፍሳት ቱቦው አፍ ላይ ቀምሳ አትሄድም። ረጅም ምላሷን እስከ ታች ትሰዳለች፤ ያኔ ፊቷ አምዱ ላይ ይጫናል፣ እንክብሉም ይለጠፍባታል።

ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1862 አንግራይኩም የሚባለውን የማዳጋስካር ኦርኪድ ሲመረምር ቱቦው 29 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ ኔክታሩ ታች 4 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ብቻ። ይህን የሚደርስበት ምላስ ያላት የእሳት እራት መኖር አለባት አለ። ሳይንቲስቶች ለእሳት እራቷ ስም የሰጧት እ.ኤ.አ. በ1903 ነው፣ እሱ ከሞተ ከ21 ዓመት በኋላ።

ሱፐርቫይዘሩን ጠርተን የተከፈለውን አበባና ወለሉ ላይ የወደቁትን ቆቦች አሳየነው። በማግስቱ አሠራሩ ተቀየረ። ጠብታው የሚታጠበው አበባው ሳይፈነዳ፣ እምቡጥ ሳለ ነው። የፈነዳ አበባ ውስጥ ጨርቅም ጣትም አይገባም። ልጅቷ ደግሞ ማታ ስንወጣ ጠረጴዛ ሥር የወደቀ ቆብ መፈለግ ጀመረች። ጥረጋው ከቆመ በኋላም ላስቲክ የምናለብስበት ቦታ ላይ አሁንም አሁንም ታገኝ ነበር። ብናይ የላስቲኩ አፍ ጠቦ አበቦቹን እየገፋቸው ነው። ሰፋ ያለ ላስቲክ ታዘዘ።