በሩ አጠገብ

ዛሬ እህቴን ለሕክምና ክትትል ይዤአት ሄጄ ነበር። ኩላሊት ከተተከለላት ወዲህ ሰውነቷ አዲሱን ኩላሊት እንዳይቃወም በየቀኑ የምትውጠው መድኃኒት የበሽታ መከላከል አቅሟን ስለሚያዳክመው፣ የኮቪድ ክትባትን ደጋግማ ብትወስድም እኔ የማገኘውን ያህል ጥበቃ አታገኝም። በኮቪድ ብትያዝ የሚታዘዘው ፓክስሎቪድ የተባለ ክኒን እንኳ ከዚሁ መድኃኒቷ ጋር ክፉኛ ይጋጫል።

የመጠበቂያው ክፍል ሞልቶ ነበር፤ መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል፣ ጭምብል ያደረግነውም እኔና እርሷ ብቻ ነበርን። ከኋላችን አንድ አዛውንት ደጋግመው ሲያስሉ እህቴ ምንም ሳትናገር ተነሥታ በሩ አጠገብ ቆመች፤ ተራዋ እስኪደርስም እዚያው ቆየች። አዛውንቱን አልወቅሳቸውም፤ እርሳቸውም ታመው ነው የመጡት። ያሳዘነኝ ሕሙማን በሚሰበሰቡበት ቤት ውስጥ የጥንቃቄው ሸክም በሙሉ ከሁሉም ይልቅ አቅም ባነሳት ሰው ላይ መውደቁ ነው።

«የሚፈራ ራሱን ይጠብቅ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ኤን95 የሚባለው ጭምብል በአየር ላይ ከሚንሳፈፉ ደቃቅ ብናኞች ቢያንስ 95 በመቶውን እንዲያጣራ ተደርጎ የተሠራ መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በእህቴ ደም ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን የሚለካው የጠዋቱን ክኒን ከመዋጧ በፊት በመሆኑ፣ ደም እንደሰጠች ወዲያው መዋጥ አለባት፤ ለመዋጥ ደግሞ ጭምብሉን ማውለቅ ግድ ነው። ዛሬ ክኒኑንና ውሃዋን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች። ቫይረሱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንደ ጭስ ተንሳፍፎ ስለሚቆይ፣ የሚያስለው ሰው ቢሄድም እንኳ አየሩ ወዲያው አይጠራም፤ ምልክት ያልታየበት ሰውም ሊያስተላልፍ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2023 ኮቪድ ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ መሆኑ ማብቃቱን ሲያውጅ፣ ዋና ዳይሬክተሩ ቴድሮስ አድኃኖም ቫይረሱ አሁንም እየገደለና እየተለዋወጠ መሆኑን በዚያው ንግግራቸው አሳስበው ነበር። አብዛኞቻችን ጆሮ የሰጠነው ለመጀመሪያው ክፍል ብቻ ይመስለኛል። እኔ ራሴ፣ እህት ባይኖረኝ ኖሮ፣ ከእነዚያው መካከል እገኝ ነበር፤ ይህንንም ሳስብ እጅግ አፍራለሁ።

ወደ መጨረሻው ላይ አንዲት ነርስ መስኮት እንድትከፍትልን ጠየቅኋት፤ ሳታቅማማ ሁለቱን ከፈተች፣ ቅር ያለውም ሰው አልነበረም። ይህችን ቀላል ልመና ቀደም ብዬ ባቀርብ ኖሮ እህቴ ምናልባት ትቀመጥ ነበር። በሚቀጥለው ቀጠሮ ገና ከመግባታችን እጠይቃለሁ።