መኪናዬ ከፍ አለች፣ መሪዋ ግን አበደ

በ5 ሳንቲሜትር ከፍ የሚያደርግ ሞላ ከነአሞርዛቶሩ አስገጠምኩ። ቁመናዋ ልብ ይሰርቃል። ደስታዬ ግን አስፋልት እስክወጣ ድረስ ብቻ ነበር። በ80 ስነዳ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ትላለች፣ እኔም መሪውን እንደ ሕፃን እያባበልኩ እሄዳለሁ። ከኩርባ ስወጣ ደግሞ ድሮ በራሱ ይመለስ የነበረው መሪ እዚያው ግግም!

መጀመሪያ ጎማ ባላንስ አስደረግኩ። የባከነ ገንዘብ። ጥፋቱ ለካ ካስተር የሚባለው ነገር ነው። የፊት ጎማ ግራና ቀኝ የሚዞርበት ዘንግ ላዩ ትንሽ ወደ ኋላ መጋደል አለበት፤ መሪውን ወደ መሃል የሚመልሰው እሱ ነው። የእኔ መኪና የፊት አክስል፣ ማለትም ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት፣ አንድ ወጥ ነው፤ ከሻንሲው (ከመኪናዋ አፅም) ጋር የተያያዘው በሁለት ክንዶች ነው። ሻንሲው ከፍ ሲል ክንዶቹ ቁልቁል ይዘቀዘቃሉ፣ አክስሉም አብሮ ይዞርና ያ ዘንበል ማለት ይጠፋል። ሲለካ ከ3 ዲግሪ ወደ 1 ወርዷል!

ቀዳዳው ከመሃል ፈንጠር ያለ ጎሚኒ (የጎማ ቡሽ) ክንዶቹ ላይ ሲገባ መሪው ነፍስ ዘራ። አክስሉን ከጎን የሚይዘው ፓናርድ ዘንግም በጥቂት ሚሊሜትር ወደ አንድ ወገን ስቦት ስለነበር ርዝመቱ በሚስተካከል ተቀየረ። ከዚያ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል።

ጉድጓድ ስመታ መሪው አሁንም ትንሽ ይነጥቀኛል፤ የመሪውን እንቅስቃሴ ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሰው ዘንግ ከበፊቱ ይልቅ ስለተዘቀዘቀ ነው። ሞላውን የሸጠልኝ ሰውዬ ስለዚህ ሁሉ ትንፍሽ አላለም።