የወተት ጥርስ ሥር መግል ሲይዝ፦ ደሴ ላይ እንዴት እንደማክመው

ደሴ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ከኩታበር፣ ከሐይቅ፣ ከወረባቦ ልጆች ይመጡልኛል። ብዙዎቹ ጉንጫቸው አብጧል፣ ወይም ድዳቸው ላይ መግል የቋጠረ ብጉር ወጥቷል። ወላጆች “የወተት ጥርስ አይደል? ይወልቃል” ይሉኛል። መውለቁስ ይወልቃል። ግን ሁለተኛው የወተት መንጋጋ ጥርስ የሚወልቀው ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በ5 ዓመቱ መግል የያዘ ልጅ ያን ሁሉ ዓመት እንዴት ይጠብቃል? ደግሞ ከሥሮቹ መሐል ቋሚው ጥርስ እየተሠራ ነው።

መጀመሪያ እጠይቃለሁ። ጣፋጭ ወይም ቀዝቃዛ ሲነካው አሞት ወዲያው የሚተወው ከሆነ ነርቩ የመትረፍ ዕድል አለው። ሌሊት ከእንቅልፉ የሚያስነሳው ከሆነ ግን ተስፋው ትንሽ ነው። “አሁንማ ተሻለው” ሲሉኝ ይበልጥ እጠነቀቃለሁ። ነርቩ ሲሞትም፣ መግሉ መውጫ ሲያገኝም ሕመሙ ይጠፋል።

ከዚያ ድዱን እዳስሳለሁ፣ ጥርሱ መነቃነቁን አያለሁ፣ ራጅ አነሳለሁ። አዋቂ ላይ ዓይኔ የሚያርፈው ሥሩ ጫፍ ላይ ነው። በወተት መንጋጋ ግን ሥሮቹ የሚለያዩበትን ቦታ አስቀድማለሁ። የነርቩ ክፍል ወለል ቀጭን ነው፤ ጥቃቅን ቀዳዳዎችም አሉት። ኢንፌክሽኑ በዚያ ሾልኮ መሐል ያለውን አጥንት ይበላል።

ሥሩ ከሲሶው በላይ ካልተበላና ጥርሱ ሙሌት የሚይዝ ከሆነ አልነቅለውም። በተለይ 6 ዓመት ላልሞላው ልጅ። ከኋላ የሚመጣው ቋሚ መንጋጋ ቦታውን የሚይዘው የወተቱን ጥርስ ተደግፎ ነው። ድጋፉን ካጣ ወደ ፊት ይንሸራተትና የተተኪውን ቦታ ይዘጋል። አደንዝዤ የሞተውን ነርቭ ፋይል በሚባል መርፌ መሰል ቀጭን መሣሪያ አወጣለሁ። ፋይሉ ከሥሩ ጫፍ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ሲቀረው ይቆማል፤ ከታች ቋሚው ጥርስ አለና። አጥቤ፣ አድርቄ ዚንክ ኦክሳይድ ዩጂኖል በሚባል ሙሌት እሞላዋለሁ። ለአዋቂ የምንጠቀምበት ጉታ ፐርቻ የሚባል ጎማ መሰል ሙሌት እዚህ አይሆንም፤ ሥሩ እየተመጠጠ ሲሄድ እሱ አይመጠጥም። ከላይ የብረት ሽፋን (ክራውን) አለብሰዋለሁ።

ብዙዎቹ አሞክሳሲሊን ወስደው ነው የሚመጡት። እብጠቱ ይጎድላል፣ ከዚያ ይመለሳል። የሞተ ነርቭ ደም ስለማይደርሰው መድኃኒቱም አይደርሰውም። እኔ የማዘው ትኩሳት ሲኖር ወይም እብጠቱ ሲዛመት ነው፤ ያኔም ከጥርሱ ሕክምና ጋር። ዓይኑ ወይም አገጩ ሥር ያበጠ፣ መዋጥ ያቃተው ልጅ ግን ለነገ አይባልም። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ይግባ።

ብዙ ያስተማረኝ ከሐይቅ አካባቢ አያቱ ይዘውት የመጡ የ9 ዓመት ልጅ ነው። ሕመም የለውም። የመንጋጋ አጥንቱ ብቻ በአንድ በኩል ጠንከር ብሎ ወጥቷል። ራጁ ላይ ጠርዙ ጥርት ያለ ክብ ጥቁር ቦታ አየሁ። ቋሚው ጥርስ ወደ መንጋጋ አጥንቱ ግርጌ ተገፍቶ ተጋድሟል። በሚያድግ ጥርስ ዙሪያ ጠባብ ጥቁር መስመር መኖሩ የጤና ነው። ከ5 ሚሊሜትር ሲሰፋ፣ ጥርስ ሲገፋና አጥንት ሲያሳብጥ ግን ሲስት፣ ማለትም ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት፣ እጠረጥራለሁ።

“ልጄ፣ ጥርሱን እንዳታሳጣብኝ፤ አላህ ያግዝህ” አሉኝ አያቱ።

“አብሽሩ እናቴ” አልኳቸው። ሲስቱን ጠርጌ ባወጣው ቋሚው ጥርስ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የተበላሸውን የወተት ጥርስ ነቅዬ በዚያው ቀዳዳ ሲስቱን ከፈትኩት። ገለባ የመሰለ ቢጫ ፈሳሽ ወጣ። ከግድግዳው ቁራጭ ወስጄ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ላክሁ። ይህን መዝለል አይገባም፤ ራጅ ላይ ሲስት የሚመስሉ እንደ አሜሎብላስቶማ ያሉ እጢዎች አሉ። ቀዳዳው እንዳይዘጋ አዮዶፎርም በሚባል ጀርም ተከላካይ መድኃኒት የተነከረ ጋዝ (የቁስል ጨርቅ) አስገባሁበት። ጋዙ ከወጣ በኋላ አያቱ መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ ከምግብ በኋላ ያጥቡለት ነበር። የዚህ ሕክምና ግማሹ ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። ያለ እሳቸው ቀዳዳው ይዘጋ ነበር።

ውጤቱ ከኢንፌክሽን የመጣ ሲስት መሆኑን አረጋገጠ። ከወራት በኋላ አጥንቱ ሞላ፣ ጥርሱም ቀና እያለ መጣ።

ሕፃናት ጥርስ ሲያወጡ ድዳቸው ላይ የሚታየው ሰማያዊ እብጠት ግን ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ ሲወጣ ራሱ ይፈነዳል፤ አይነካም። “ግግ ነው” ብሎ የሕፃን ድድ ማስቆረጥማ በጣም ያሳዝነኛል። ሥር ያለውን ጥርስ እስከ ወዲያኛው ሊያጠፋው ይችላል።

ክትትሉን አጥብቄ ነው የምይዘው። ነርቩን ያከምኩለት ልጅ በ6 ወሩ ራጅ ይነሳል። ቀጠሮ ስሰጥ ገበያቸውን እጠይቃለሁ። ባቲዎችን ሰኞ ብቀጥራቸው አይመጡም። የሐይቁ ልጅ ጥርስ ሲወጣ ኢናሜሉ (ጠንካራው የውጭ ሽፋኑ) ላይ ቡናማ ጠባሳ ነበረው። ሽፋኑ ገና ሲሠራ ኢንፌክሽኑ ደርሶበታል ማለት ነው። ጠባሳውን ሞላሁለት፤ ጥርሱ ደህና ያኝካል።