ባሕር ዳር ላይ 94፣ ባሕር ዳርቻ ላይ 100

ቅዳሜ ማታ

የሚያዝያ ሙቀት ቤት አላስቀምጥ ብሎኝ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ነበርኩ። አሁን ትንሽ ነፈስ ብሏል። እስኪ የሳምንቱን ጉዴን ልጻፈው።

ማክሰኞ ዕለት ቴርሞሜትር ገዛሁ። ለእርጎ ነው። እማዬ የፈላውን ወተት ታበርድና ጣቷን ነከር አድርጋ «በቃ፣ እርሾውን ጨምሪበት» ትላለች። እኔ ስነክር ወይ ይፋጀኛል ወይ ምንም አይሰማኝም። እርጎዬ ሁለት ጊዜ ተበላሸ። በሦስተኛው በቁጥር እሠራለሁ አልኩ።

ሻጩ «የፈላ ውሃ ውስጥ ክተቺው፣ መቶ ካላለ መልሺው» ብሎኛል። ቤት ገባሁ፣ ውሃ ጣድኩ፣ ተንተከተከ። ቴርሞሜትሩ 94 ላይ ቀጥ አለ። ምድጃውን እስከ መጨረሻው ጨመርኩት። ውሃው ድስቱን ሊገለብጠው ደረሰ፣ ቁጥሩ ግን ወይ ፍንክች።

ረቡዕ ጠዋት ሱቁ ደጃፍ ላይ ነበርኩ። ትንሽ ተነጋገርን፤ እውነቱን ለመናገር እኔ ነኝ የተናገርኩት። ሰውዬው «እሺ እህቴ፣ ይኸው ሌላ» ብሎ ቀየረልኝ። ቤት ወስጄ ብሞክረው እሱም 94። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ሁለት ውሸታሞች ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት ውሸት አይዋሹም።

ስምንተኛ ክፍል ተምሬው ነበር እኮ! ውሃ የሚፈላው ከውስጡ የሚነሳው እንፋሎት ከላይ የሚጫነውን አየር መቋቋም ሲችል ነው። አየሩ ከሳሳ ትግሉ ይቀላል፣ ውሃውም ቀድሞ ይፈላል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ ወደ 92 ይወርዳል። መቶ የሚባለው ጅቡቲ ወደብ ላይ ነው። እንግዲህ መቶ የባሕር ዳር ቁጥር ነው፤ የእኛዋ ባሕር ዳር ግን አይደለችም። ከተማችን ስሟን ከሐይቅ ወስዳ የባሕር ብትባልም ቴርሞሜትሩ አልተሸወደም።

እማዬን ስነግራት ብዙም አልገረማትም። «ደብረ ታቦር ባቄላ የማይበስለው ለዚህ ነዋ» አለች። እዚያ ያለችው አክስቴ ለንፍሮ የምታቃጥለውን ከሰል እያነሳች ስታማርር ኖራለች። ደብረ ታቦር ከእኛ ወደ 900 ሜትር ከፍ ይላል፣ ውሃቸው በ91 ገደማ ይፈላል። በሦስት ዲግሪ ነው አክስቴ የምትሰቃየው።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነገር ነው። ምድጃውን ስጨምር ቁጥሩ ለምን አልጨመረም? እሳቱ እየገባ ነው፤ ታዲያ የት ሄደ?

በአማርኛ ለሁለቱም ሙቀት ነው የምንለው። ምድጃው የሚሰጠውም ሙቀት፣ ቴርሞሜትሩ የሚያነበውም ሙቀት። የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ሁለተኛውን መጠነ ሙቀት ይለው ነበር፤ ለፈተና ሸምድጄ ረሳሁት። ሐሙስ ማታ ግን ልዩነቱን በዓይኔ አየሁት። ግማሽ ሊትር ውሃ ለክቼ ጣድኩና ስልኬን ሰዓት አስያዝኩ። ከቧንቧ ውሃነት እስከ መፍላት 6 ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ምድጃውን ሳልነካ ድስቱ እስኪደርቅ ጠበቅኩ፤ 40 ደቂቃ። እማዬ መጥታ አየችኝና «ውሃ ነው የምትጠብሽው?» ብላኝ ሄደች።

በ40ው ደቂቃ ውስጥ ቁጥሩ ከ94 አልተንቀሳቀሰም። ሥራ ግን ነበር። የገባው ሙቀት ሁሉ የውሃውን ቅንጣቶች እርስ በርስ ከተያያዙበት እያላቀቀ እንፋሎት አድርጎ ይሰዳቸዋል፣ ለቴርሞሜትሩ የሚተርፍ የለም። አንድ ኪሎ ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል። ያንኑ ኪሎ፣ ከፈላ በኋላ፣ ሙሉ በሙሉ እንፋሎት ለማድረግ ግን 2,260 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል። ከቧንቧው ተነስቶ እስኪፈላ ከበላው ከ7 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። የእኔም 6 እና 40 ደቂቃ እዚያው አካባቢ ነው። በድስትና በስልክ ለተሠራ ሥራ አያሳፍርም።

እንፋሎት ሲቃጠሉበት ለምን እንደዚያ እንደሚያም አሁን ገባኝ። ባለፈው ዓመት የድስት ክዳን ስከፍት የእጄን አንጓ መትቶኝ ነበር። እንፋሎቱ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ተመልሶ ውሃ ይሆንና ያን ሁሉ የወሰደውን ሙቀት እዚያው ያራግፈዋል። ጠባሳው አሁንም አለ።

እማዬም ለካ ይህን ሁሉ በእጇ ታውቀዋለች። ንፍሮ ስትጥድ መጀመሪያ እሳቱን ታነደዋለች። ተንተክትኮ አረፋው ሊገነፍል ሲል ከሰሉን ግማሹን ትጎትትና ክዳኑን ትደፋለች። ልጅ ሆኜ «ቶሎ እንዲበስል ለምን አትጨምሪም?» ስላት «ቢጨምሩለት ውሃውን ይጨርሳል እንጂ ባቄላውን አያበስልም» ትለኝ ነበር። ባቄላውን የሚያበስለው 94ቱ ነው፤ እሳት ቢበዛ ትርፉ እንፋሎት ነው፣ የከሰል ዋጋም በላዩ።

ትናንት አርብ መብራት ሄደ፣ ለሰባት ሰዓት ያህል። ድሮ ቢሆን ፍሪጁ ውስጥ ያለውን ቆሮሶ እያሰብኩ እጨነቅ ነበር። ትናንት ግን ቴርሞሜትሬን ይዤ ሄድኩ። ዓሣው አጠገብ በጎድጓዳ ሣህን ያስቀመጥኩት በረዶ ግማሹ ቀልጧል። ውሃውን አማስዬ ለካሁ፤ ዜሮ። ከሁለት ሰዓት በኋላ በረዶው ትንሽ ቀርቷል፣ አሁንም ዜሮ አካባቢ። ያው ነገር በታችኛው በኩል። አንድ ኪሎ በረዶ ለመቅለጥ ብቻ 334 ኪሎጁል ይወስዳል፤ ቀልጦ ያለቀውን ውሃ ከዜሮ እስከ 80 ዲግሪ ሊያደርስ የሚችል ሙቀት ነው። በረዶው እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱን እየዋጠ ዓሣዬን ይጠብቅልኛል።

ይህን መጀመሪያ በደንብ ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ስኮትላንድ ውስጥ ያስተምር የነበረው ጆሴፍ ብላክ ነው። እየገባ ቴርሞሜትሩን የማያንቀሳቅሰውን ሙቀት ድብቅ ብሎ ሰየመው። እሱን ሳነብ አንድ ነገር አሳቀኝ። ስዊድናዊው ሴልሺየስ በ1742 መለኪያውን ሲያወጣ ዜሮ ያለው መፍያውን ነበር፣ መቶ ያለው ደግሞ በረዶውን። የተገለበጠው ኋላ ነው። እንዳለ ቢቀር ኖሮ ሱቁ ደጃፍ ላይ ምን እል እንደነበር እንጃ።

ዛሬ ከሰዓት እንስራው ጋ ተቀምጬ ነበር። ውጪው ላብ ያለበት ይመስላል፤ በእጄ ስዳብሰው እርጥብና ቀዝቃዛ። በሸክላው ቀዳዳዎች ሾልኮ የወጣው ውሃ ሲተን የሚያስፈልገውን ሙቀት ከእንስራው ይወስዳል፣ ውስጡ የቀረው ይቀዘቅዛል። ለመትነን መፍላት አያስፈልገውም። ጣናም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የሚውል ትልቅ እንስራ ነው ማለት ይቻላል፤ ሳይፈላ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል የማያንስ ውሃ ከገጹ ተንኖ ይሄዳል። ቀን ቀን መሬቱ ቶሎ ይግላል፣ ውሃው ግን በቀላሉ አይሞቅም፤ ስለዚህ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ እኛ ይመጣል። ሌሊት መሬቱ ቶሎ ይበርዳል፣ ሐይቁ ለብ እንዳለ ያመሻል፣ ነፋሱም ይገለበጣል። አሁን በረንዳው ላይ ጀርባዬን የሚነካኝ ከከተማው ወደ ውሃው የሚሄደው ሳይሆን አይቀርም።

ሰኞ ሻጩን ይቅርታ እጠይቃለሁ። እንዴት እንደምጀምር ግን አላውቅም። «ወንድሜ፣ ከፍታው ነው» ልበለው?

ወተቱ ፈልቶ ወርዷል። 48 ሲል እማዬ ጣቷን ነክራ «ገና» አለች። 44፣ «ገና»። እኔ መጨመር ፈልጌ ነበር። 41 ላይ ጣቷን አወጣችና በነጠላዋ ጠረገች። «አሁን» አለች።