ዊኪያችን ላይ ኮዱ ቀለም አልቀባም ሲለኝ

የቡድናችን ዊኪ ላይ ኮድ ሲለጠፍ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ጥቁር በነጭ ነበር፣ 200 መስመር የፓይተን ስክሪፕት እንደ ውል ወረቀት ድርቅ ብሎ ቁጭ። አዲስ የገባ ልጅ ከዛ ገጽ አንድ ፋንክሽን ኮፒ አድርጎ ግማሽ ቀን ሲታገል ቆየና ጠራኝ፣ ሄጄ ሳየው ለካ ያመጣው በሶስት ጥቅስ ተዘግቶ ከተተወ አሮጌ ኮድ ውስጥ ነው፣ ፓይተን ደግሞ በሶስት ጥቅስ መሃል ያለውን እንደ ተራ ጽሑፍ (ስትሪንግ) ነው የሚያየው፣ አያስሮጠውም። ልጁ ምን ያድርግ፣ ጥቅሱ የተከፈተው 60 መስመር ወደላይ ነው፣ ማን ያየዋል?

የምንጠቀመው ሚዲያዊኪ ነው፣ ያው ዊኪፒዲያ የሚሰራበት። ኮድ የሚያቀልመው ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ከ1.21 ቨርዥን ጀምሮ አብሮት ስለሚመጣ ዳውንሎድ የለ ምን የለ፣ ሎካልሴቲንግስ በሚባለው የዊኪው ማስተካከያ ፋይል ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው። እዛ መስመር ላይ ግን የኤክስቴንሽኑ ስም ጭራው ላይ ጌሺ የሚል አለው፣ እሱ ነው ያሳሳተኝ። ጌሺ ድሮ ይሄን ስራ ይሰራ የነበረ የፒኤችፒ ላይብረሪ ነው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ፒግመንትስ በሚባል ሌላ ኮድ አቅላሚ ተተክቶ ስሙ ብቻ ቀረ። እኔ ደግሞ የጌሺ ሴቲንግ ፍለጋ ሁለት ሰዓት፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

ፒግመንትስ የተጻፈው በፓይተን ነው። ገጹ ሲዘጋጅ ፒኤችፒው ፓይተኑን ይጠራዋል፣ እሱ ኮዱን በትኖ ይሄ ቁልፍ ቃል፣ ይሄ ቁጥር፣ ይሄ ኮሜንት እያለ ምልክት አድርጎ ይመልሳል፣ ቀለሙን የገጹን መልክ የሚወስነው ሲኤስኤስ ይጨርሰዋል። ሁሉም ነገር ሰርቨር ላይ ስለሚያልቅ ብራውዘሩ በጃቫስክሪፕት አይንገላታም፣ ኔትወርክ በሚንቀራፈፍበት ቀን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እሺ መስመሩን ጨመርኩ፣ ገጹን ከፈትኩ፣ ኮዱ አሁንም ጥቁር። ኤረር የለም ምን የለም፣ ከገጹ ስር ብቻ በትንሹ የሃይላይት ስህተት ያለባቸው ገጾች የምትል መደብ ተጨምራለች፣ እሷንም ያየኋት በመጨረሻ ነው። ጉዱ የፋይል ፐርሚሽን ነበር! ፒግመንትስን የሚያስነሳው ፋይል ኤክስቴንሽኑ ፎልደር ውስጥ አለ፣ እኔ ግን ሁሉንም ከዊንዶውስ ላፕቶፔ በኤፍቲፒ ስለጫንኩት የመሮጥ ፈቃዱ መንገድ ላይ ቀርቷል። ቸሞድ የሚለውን የፈቃድ መስጫ ትዕዛዝ አንድ ጊዜ መታሁ፣ አለቀ። ሼርድ ሆስቲንግ (ከሌሎች ጋር የምትጋሩት ሰርቨር) ላይ ያላችሁ ግን መጀመሪያ ፒኤችፒው ሌላ ፕሮግራም ማስነሳት ይፈቀድለት እንደሆነ ጠይቁ፣ ብዙ ቦታ ለሴኪዩሪቲ ብለው ይዘጉታል፣ ፓይተን 3ም መኖር አለበት።

ከዛ በኋላም የድሮዎቹ ገጾች ጥቁር እንደሆኑ ቀሩ፣ እዚህ ጋ ልቤ ልትወጣ ነበር፣ ለካ ካሽ ነው፣ ሰርቨሩ ያስቀመጠው የድሮ ኮፒ። አድራሻው ላይ ካሹን የሚያጸዳውን የፐርጅ ትዕዛዝ ጨምሬ ስከፍተው ቀለሙ ቦግ አለ።

ኮዱን የምትከቱበት ታግ (syntaxhighlight የሚለው) ላይ የፕሮግራሚንግ ቋንቋውን ስም መጻፍ አትርሱ፣ ራሱ አይገምትላችሁም። ላይን የሚል ቃል ከጨመራችሁበት ደግሞ መስመሮቹን ይቆጥርላችኋል፣ ስልክ ላይ "47ኛው ላይ እየው" ለመባባል አሪፍ ነው። ያልጠበቅኩት ጥቅም ከወርድ ኮፒ የተደረገ ኮድ ላይ መጣ፣ ጥቅሱ ቆልመም ያለው ዓይነት ከሆነ ስትሪንጉ የስትሪንግ ቀለም አይዝም፣ ስህተቱ ሳይሮጥ ገና ከሩቁ ይታያል። አንድ ያልፈታሁት የአማርኛ ኮሜንት ነው፣ የኮዱ ፎንት ፊደላችን ስለሌለው ብራውዘሩ ከሌላ ፎንት ይበደርና ከኮሜንቱ አጠገብ በስፔስ ያሰለፍኩት ሁሉ ይንጋደዳል።

ያንን 200 መስመር ገጽ ስከፍተው ከመሀል ጀምሮ 90 ምናምን መስመር ወጥ በሆነ የስትሪንግ ቀለም ተጋድሟል። ልጁን ጠርቼ አሳየሁትና ያንን አሮጌ ኮድ ሙሉውን አብረን ደለትነው።