በትንሣኤ ሌሊት ያነቀችኝ ጉርሻ

ለኪዳነ ምሕረት ስለት ተስዬ ነበር፤ ካዳንሽኝ ለሰማ ሁሉ እመሰክራለሁ ብያለሁና ስሙኝ።

እህል እየተናነቀኝ ነው ያደግሁት። ውኃና ሾርባ ይወርዳል፤ ሥጋና ደረቅ እንጀራ ደረቴ ላይ ይቆማል። ጨጓራ ነው ተባለ፣ ጭንቀት ነው ተባለ፣ ዓመታት አለፉ። ቢወጣብኝስ እያልሁ ከሥጋ ወደሙ እንኳ ርቄ ነበር፤ ከሁሉ የከፋብኝ ይህ ነው።

በትንሣኤ ሌሊት ከቅዳሴ ተመልሰን ልንፈስክ ተቀመጥን። አማቴ በእጃቸው አጎረሱኝ። የዶሮው ሥጋ መንገድ ላይ ቀረ። ውኃ ብጎነጭ ተመልሶ በአፍንጫዬ ወጣ። ትንፋሼ ባይቋረጥም ምራቄን መዋጥ አቃተኝ፤ ሳህን አቅፌ እተፋለሁ። አማቴ ጀርባዬን እየመቱ «እመቤቴ! እመቤቴ!» ይላሉ። ከጎረቤት «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ይሰማል። እኔስ? «55 ቀን ጾሜ፣ በትንሣኤህ ሌሊት በጉርሻ ልትገድለኝ ነው?» አልሁት። ብዬዋለሁ፤ አልሸሽግም። ጎረቤታችን ባለታክሲው ማዕዱን ትቶ ሐኪም ቤት አደረሰን፤ ውለታውን እርሱ መድኃኔዓለም ይክፈለው። ንጋት ላይ ሐኪሟ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፌ አስገብታ ቁራጩን አወጣችው። ከዚያም «ከምግብ መውረጃሽ ጀርባ እንደ ልብ የሚመታ ነገር አየሁ» አለችኝ።

ሲቲ ስካኑ ጉዱን ገለጠው። ለቀኝ እጄ ደም የሚያደርሰው ቧንቧ በቀኝ መነሣት ሲገባው በግራ ተነሥቶ፣ ከምግብ መውረጃው ጀርባ ዞሮ ያልፋል። አብሮኝ የተወለደ ነው። ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ እንዲህ ሆኖ እንደሚፈጠር፣ አብዛኛውም ሳያውቀው እንደሚኖር ነገሩኝ። ከዚያ ወዲያ ዳዊት ስደግም «ግሩምና ድንቅ ሆኜ ተፈጥሬአለሁና አመሰግንሃለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ እዘለው ጀመር። የቱ ነው ግሩሙ?

ወራት በቀጠሮና በገንዘብ ፍለጋ አለፉ።

ሐኪሞቹ ቧንቧውን ከመነሻው ቆርጠው በአንገቴ ቀኝ በኩል ወደ ራስ ከሚወጣው ቧንቧ ጋር ሰፉት። ደም የለገሳችሁልኝ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ ዕድሜ ይስጣችሁ! ከሰመመን ስነቃ በመጀመሪያ ያሰብሁት ቀኝ እጄን ነበር። ነርሷ አንጓዬን ይዛ «ይመታል» አለችኝ። በዚያው እጅ አማተብሁ።

ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ ከንስሐ አባቴ ጋር ተማክሬ ቆረብሁ። «አፍህን አስፋ፥ እሞላዋለሁም» ያለው እርሱ ነው፤ ያን ሌሊት የተናገርሁትንም አልቆጠረብኝም።

ስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።